ለተቃጠለ ልጅ ከጥርስ ሳሙናው በፊት ውሃው ይድረስለት

ቡና ሲፈላ ምድጃው የሚቀመጠው መሬት ላይ፣ የሚድህ ልጅ እጅ በሚደርስበት ቦታ ነው። ጀበናው ልጅ ላይ ሲደፋ ቤቱ ይታመሳል፤ አንዷ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላዋ እንቁላል፣ ሌላዋ ሊጥ ይዛ ትመጣለች። ካልሆነም ልጁን አቅፎ ታክሲ ፍለጋ መሮጥ ነው። ውሃ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እንዲያውም «ውሃ ካገኘው ይቋጥራል» ብሎ የሚከለክል አይጠፋም።

ቆዳው የሚቋጥረው የፈሰሰበት ውሃ ገብቶበት አይደለም። ሙቀቱ የጎዳቸው ጥቃቅን የደም ሥሮች የሚያንጠባጥቡት ፈሳሽ ከቆዳው ሥር ሲጠራቀም ነው። ቡናው ከተጠረገ በኋላም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን አያቆምም፤ ላዩን የተለበለበው ቦታ የቆዳ ንቅለ ተከላ እስከሚያስፈልገው ድረስ ሊጠልቅ የሚችለው ለዚህ ነው። ያንን ሙቀት ስቦ የሚያወጣው ውሃ ነው። ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና ሙቀቱን አፍነው ያስቀሩታል፤ ጥሬ እንቁላል በዚያ ላይ ለተላጠ ቆዳ ጀርም ይዞ ይመጣል። ሐኪሙም የቁስሉን ጥልቀት ለማየት ያ ሁሉ ደርቆ የተጣበቀ ነገር ታጥቦ እስኪነሳ መጠበቅ አለበት። ለልጁ ይህ ሁለተኛ ስቃይ ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ልብሱ ይውለቅ፤ ዳይፐሩም እንዳይረሳ፣ የፈላውን ነገር መጦ ይይዛልና። ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይጎተትም፤ ዙሪያውን በመቀስ ቆርጦ መተው ነው። እጅ ላይ ያለ አምባር ወይም ክር ቦታው ሲያብጥ ደም እንዳይዘዋወር ስለሚያንቅ ሳይዘገይ ይነሳ። ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይፍሰስበት። ሰዓት መያዝ ያስፈልጋል፤ ልጅ እያለቀሰ 3 ደቂቃም ረጅም ነው። በረዶ ቆዳውን ራሱን ስለሚጎዳ አይሆንም። ሽሮ ከቡና ይከፋል፤ ወፍራም በመሆኑ ቆዳ ላይ ተለጥፎ ማቃጠሉን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ከሁሉ በፊት በውሃ ታጥቦ ይውረድ።

ቧንቧው የጠፋ ዕለትስ? 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ይበቃል። በጆግ እየቀዱ በደቂቃ 1 ሊትር ያህል ቀስ አድርገው ቢያንቆረቁሩት ልክ 20 ደቂቃ ያደርሳል። ሥሩ ሳፋ ቢደረግና ውሃው ካጠረ ከሳፋው እየቀዱ መልሶ ማፍሰስ ይቻላል። ብርድ እንዳይመታው የሚለው ስጋት እውነትነት አለው፤ ሕፃን ቶሎ ይቀዘቅዛል። መፍትሔው ውሃውን የተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ እያፈሰሱ የቀረውን ሰውነት በጋቢ መሸፈን ነው። ቤት ውስጥ ሳይደረግ የቀረ እንደሆነም ልጁ ከተቃጠለ በኋላ እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠቅማል።

ሲያበቃ ንጹሕ ጨርቅ ሳያጠብቁ ማልበስ ነው። ጥጥ ስለሚጣበቅ አይደረግበትም፤ የቋጠረውም አይፈነዳም።

የልጁ መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል። ቃጠሎው ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ወይም ኤሌክትሪክ ያደረሰው ከሆነ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። ከ10 በመቶ በላይ የተቃጠለ ልጅ ብዙ ፈሳሽ ስለሚያጣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ያስፈልገዋል። ቤተሰብን አብዝቶ የሚያታልለው ግን የማያም ቃጠሎ ነው። ነጭ ወይም ደረቅ ሆኖ ሲነካ ልጁ ዝም ካለ የሕመም ነርቮቹ ራሳቸው ተቃጥለዋል ማለት ነው፤ «አላመመውም» ብሎ ቤት ማሳደር ከስህተቶች ሁሉ የከፋው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል ለቃጠሎ የተለየ ክፍል አለው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የቀረበት መሆኑን መጠየቅም አይዘንጋ።

ይህን ሁሉ እናት ከየት ትሰማው? ጎረቤት ስለ ጥርስ ሳሙና ነግራታለች፤ ስለ ውሃው የነገራት የለም። የኛ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሕፃን በ9 ወሩ ለኩፍኝ ክትባት ይመጣል። በዚያው ዕድሜ ይድሃል፣ ይዞ መቆምም ይጀምራል፤ የጠረጴዛ ልብስና የምድጃ ገመድ የሚጎትተውም ያኔ ነው። ክትባቱን የምትሰጠው ባለሙያ 2 ደቂቃ ወስዳ ብትነግራት ይበቃል፦ ምድጃው ከግድግዳ ጥግ ይሁን፣ ቡና ሲፈላ ልጁ ይታዘል፣ የገላ ውሃ ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛው ቀድሞ ፍሉ ይከተል፣ ከተቃጠለም 20 ደቂቃ ውሃ። ከክትባት ካርዱ ጀርባ በእስክሪብቶ «20 ደቂቃ ውሃ» ብሎ መጻፍም ወጪ የለውም። በ15 ወሩ ለሁለተኛው ክትባት ስትመለስ ደግሞ «ምድጃው አሁን የት ነው?» ብላ ትጠይቃት።