የኮማንደርስ የ2024 ዓመት ዕድል ብቻ አልነበረም

የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኑ የዋሽንግተን ኮማንደርስ ነገር ሲነሳ አሁን አሁን የማይቀር አባባል አለ። «ያ የ2024ቱ እኮ ዕድል ነበር» ይላሉ ሰዎች። ማስረጃም አያጡም። ቡድኑ በ2024 ከ17 ጨዋታ 12 አሸነፈ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) በቀጣዩ ዓመት ግን 5 ብቻ አሸንፎ በ12 ተሸነፈ። «ታዲያ እውነተኛው ቡድን የቱ ነው?» ይሉሃል።

እኔ አልስማማም። ዕድል አልነበረም ማለቴ ግን አይደለም። ነበር፣ ያውም በሽ በሽ።

ኦክቶበር 27 ከቺካጎ ቤርስ ጋር የነበረውን ጨዋታ እንውሰድ። ቺካጎ 15 ለ12 ይመራል። ሰዓቱ ሊያልቅ 2 ሰከንድ ቀርቶታል። የዋሽንግተኑ ኳርተርባክ (ኳስ አቀባዩና ጨዋታ መሪው) ጄደን ዳንኤልስ የጎድን አጥንቱን ከተጎዳ ገና ሳምንቱ ነው። ኳሷን ተቀበለና ወዲህ ወዲያ እያለ ወደ 13 ሰከንድ ያህል ተሯሯጠ (የተጀመረ ሙከራ ሰዓቱ ቢያልቅም ይጠናቀቃል)። ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ሰማይ ለቀቃት። ሄይል ሜሪ የሚሉት፣ «እመቤቴ ድረሽልኝ» ተብሎ የሚወረወር ዓይነት ኳስ ነው።

ይህ ሙከራ ሲጀመር የቺካጎው ተከላካይ ታይሪክ ስቲቨንሰን የት ነበር? ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ የዋሽንግተንን ደጋፊዎች ያናድዳል። ደንግጦ ዞረ፣ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ኳሷንም ነካት። የነካት ኳስ ግን ከበስተኋላው ብቻውን ለቆመው ለዋሽንግተኑ ኖዋ ብራውን ደረሰችው። የ52 ያርድ ተችዳውን፣ ኳሷን እስከ ሜዳው ጫፍ በማድረስ የሚገኝ 6 ነጥብ። 18 ለ15። ስታዲየሙ አበደ። ስቲቨንሰን በኋላ ይቅርታ ጠይቋል፣ ግን ምን ዋጋ አለው?

ይህ ዕድል ካልሆነ ምን ዕድል ይባላል! ቪዲዮው እስከዛሬ ይዞራል። ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሰው ያንን ዓመት የሚያስታውሰው በዚያች አንድ ኳስ ብቻ ሆነ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የዓመቱ ምስጢር አራተኛው ሙከራ ላይ ነው ያለው።

ጨዋታውን ለማይከታተል ባጭሩ ልንገር። ኳስ የያዘ ቡድን 10 ያርድ ወደፊት ለመግፋት 4 ሙከራ ይሰጠዋል። 10 ያርድ ከ9 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ከሞላለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል። ካልሞላለት ኳሷ እዚያው ባለችበት ለተጋጣሚው ትሰጣለች። ስለዚህ ሦስቱ ካልተሳኩ አብዛኛው አሰልጣኝ በአራተኛው አይደፍርም። ኳሷን ጠልዞ ያርቃታል። ቀረብ ካለ ደግሞ በሁለቱ ቋሚዎች መሃል ለግቶ 3 ነጥብ ይለቅማል። እንዲህ ያደረገን አሰልጣኝ ማንም አይወቅሰውም። ሞክሮ ያልተሳካለትን ግን በማግስቱ ሬዲዮው ሁሉ ሲያብጠለጥለው ይውላል።

የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ ዳን ኩዊን በቡድኑ የመጀመሪያ ዓመቱ፣ ኮሌጅ በለቀቀ ልጅ እየተጫወተ፣ ደፈረ። በመደበኛው የውድድር ዘመን 23 ጊዜ በአራተኛው ሙከራ ሄደው 20ው ተሳካላቸው። አንድ ሁለቴ ቢሆን ገጠመኝ ነው እል ነበር። ከ23 ሃያው ግን ልምምድ ነው፣ እቅድ ነው፣ ከሁሉም በላይ ልጁን ማመን ነው። አሰልጣኝህ እንዲህ ሲያምንህ አንተም ቀና ብለህ ትጫወታለህ።

ልጁም የሚታመን ሆነ። ዳንኤልስ ከሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በድራፍቱ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት፣ 2ኛ ተመርጦ ነው የመጣው። በዚያ ዓመት በእግሩ ብቻ 891 ያርድ ሮጧል፤ ለጀማሪ ኳርተርባክ የሊጉ ክብረ ወሰን ነው። እኔ ግን ከሩጫው ይልቅ እርጋታው ነው የሚገርመኝ። ዲሴምበር 22 ከፊላደልፊያ ኢግልስ ጋር 6 ሰከንድ ሲቀረው ለጄሚሰን ክራውደር ያቀበላትን ኳስ ተመልከቷት። 36 ለ33። ቤቱ ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ እንጂ ግዙፍ ተከላካዮች የሚያሳድዱት ሰው አይመስልም። ከ2019 ጀምሮ ኳርተርባክ ሲፈራረቅበት የኖረው ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎሪንም ቀን ወጣለት፤ በዓመቱ 13 ተችዳውን አስቆጠረ።

ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ መጽዳት ነበረበት። ዳን ስናይደር ቡድኑን በ1999 በ800 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ24 ዓመት ውስጥ ያሸነፈው የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ዘመን በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) ጨዋታ 2 ነው። ክስና ቅሌት ሲከታተልበት ኖሮ በ2023 ሲለቅ ሊጉ 60 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ከሰረ እንዳትሉ ደግሞ! በ6.05 ቢሊዮን ነው የሸጠው። ጆሽ ሃሪስና ሸሪኮቹ ገዝተው በዓመቱ አዲስ ሥራ አስኪያጅ፣ አዲስ አሰልጣኝ፣ አዲስ ኳርተርባክ አመጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 4 ጨዋታ ብቻ ያሸነፈ ቡድን ነበር። ይህን ሁሉ ወደ ጎን ትቶ «ዕድል» ማለት ለእኔ ስንፍና ነው።

ስለ እኛም ሰፈር አንድ ነገር ልበል። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ባሉ የሐበሻ ካፌዎች ቴሌቪዥኑ የአርሰናልና የማንቸስተር ነው። ይህኛውን ጨዋታ «ተጋጭተው የሚቆሙበት» እያሉ የሚያልፉት አባቶች ብዙ ናቸው። በዚያ ክረምት ግን እዚህ የተወለዱት ልጆች እየጎተቱ አስገቧቸው። «አሁን ለምንድነው የቆመው?» የሚል ጥያቄ በየሶፋው ላይ በዛ። ጥያቄው አላለቀም፣ ማየቱ ግን ቀጠለ። ማሸነፍ ደግሞ ለማስተማር ይመቻል።

ፕሌይኦፉ መጣ። ጃንዋሪ 12 በታምፓ 17 ለ13 እየተመሩ ነበር። አራተኛው ሙከራ ላይ ደረሱ። 3 ነጥብ ለቅሞ ልዩነቱን ማጥበብ ይቻል ነበር። ኩዊን ግን እንደ ልማዱ ሂዱ አለ፤ ዳንኤልስ ለማክሎሪን አቀበለ፣ ተችዳውን። ሰዓቱ ሲያልቅ የዜን ጎንዛሌዝ ምት የቀኙን ቋሚ መትታ ወደ ውስጥ ገባችና 23 ለ20 አሸነፉ። ዕድል የሚሉት ቋሚውን ያነሳሉ። ያ አራተኛ ሙከራ ባይኖር ግን ቋሚውም ላይ ባልተደረሰ ነበር። በሳምንቱ ዓመቱን ሙሉ 2 ጊዜ ብቻ የተሸነፈውን ዲትሮይትን በሜዳው 45 ለ31 ረቱት። አምስት ጊዜ ኳስ ነጥቀውታል።

ፊላደልፊያ ላይ አበቃ። ሴኳን ባርክሊ የኢግልስን የመጀመሪያ ኳስ ይዞ 60 ያርድ ነጎደ። ዋሽንግተኖች ሦስት ጊዜ ኳስ ከእጃቸው ጥለው አስረከቡ። 55 ለ23 ተሸነፉ፤ ሽንፈቱ ያሳፍራል። ቢሆንም ከ1991 የውድድር ዘመን ወዲህ ቡድኑ ለሱፐር ቦውል፣ ለዋንጫው ፍጻሜ፣ አንድ ጨዋታ ቀርቶት አያውቅም ነበር። ያሸነፋቸው ኢግልስም ዋንጫውን ወሰደ።

2025ስ? እዚህ ላይ ከ«ዕድል» ባዮቹ ጋር ሌላ ጠብ አለኝ። እነሱ ዕድሉ ዞረ ይላሉ። እኔ የማየው ያንኑ ድፍረት ነው፣ ያለ ቦታው። ኖቬምበር 2 ላይ ሲያትል በአራተኛው ሩብ 38 ለ7 ይመራል። ጨዋታው አልቋል። ዳንኤልስ ግን ሜዳ ውስጥ ነው። በዚያው ዓመት ሲጎዳ የመጀመሪያው አይደለም። ወደቀ፣ የግራ ክርኑም ከቦታው ወጣ። 20 ጊዜ «ሂድ» ብሎ የተሳካለት አሰልጣኝ «በቃህ፣ ውጣ» የሚለውን ሳይል ቀረ። ኩዊን በኋላ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል። ልክ ነው፣ የእሱ ነው። የ2024ቱም ምስጋና እንዲሁ የእሱ ነው። ሁለቱንም ለዕድል መስጠት አይቻልም።