«13 ሰዓት ነው» ያላችሁን ሰዎች፣ ኑና አብረን እንቁጠር

ከዛሬ ጀምሮ «ከድሬዳዋ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ስልኩን የሚከፍት ሰው ካያችሁ ስልኩን ቀሙልኝ። የቤታችንን ሰላም የነሳው እሱ ነው።

ባለፈው ነሐሴ እማዬ ዋሽንግተን ያለችውን እህቴን ልትጠይቅ ስትነሳ፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ነካ ነካ አደረገና «11,750 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት!» ብሎ ለዘመድ ሁሉ አወጀ። ርቀቱ ልክ ነው። ግን እሱ ሰማይ ላይ ገመድ ዘርግቶ ለክቶ፣ አውሮፕላን በሰዓት ለሚሄደው 900 ኪሎ ሜትር አካፍሎ ነው 13 ያገኘው። እማዬ በገመድ አልሄደችም። ከሐረር ሸዋ በር በሚኒባስ ነው የሄደችው!

ሚኒባስ ደግሞ እስኪሞላ አይነሳም። ሐረርና ድሬ መሃል ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ ግን አወዳይ ላይ የጫት መኪና መንገዱን ዘግቶት ቆምን። ደንገጎ ስንደርስ ደግሞ በየጠመዝማዛው የእማዬ በርበሬ ጉልበቴ ላይ እየተንከባለለ (ሻንጣው 23 ኪሎ ሞልቶ የተረፈው በእጅ የሚያዝ ነው፣ አትጠይቁኝ)። ከቤት የወጣነው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ከድሬ የተነሳችው 6 ሰዓት። አዲስ አበባ በአየር 350 ኪሎ ሜትር ስለሆነች በአንድ ሰዓት ደረሰች። ከዚያስ? የዋሽንግተኑ የሚነሳው ማታ 4፡45 ነው። ወደ አሥር ሰዓት ወንበር ላይ!

ትኬቱ ላይ «መነሻ 22፡45፣ መድረሻ 8፡00» ይላል። አጎቴ መነጽራቸውን አደረጉና «እንዲያውም 9 ሰዓት ከሩብ ነው፣ ምን ያስጨንቃችኋል?» አሉ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። «ጋሼ፣ 8፡00 የዋሽንግተን ጠዋት ነው፤ በዚህ ወቅት ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ይሆናል» ብል ማን ሰምቶኝ።

መሃል ላይ ሊያርፍ መሆኑ ሲሰማ ደግሞ ለቅሶ ቀረሽ ግርግር፦ «ተበላሽቶ ነው?» አልተበላሸም! ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ እስከ ዋሽንግተን የሚያደርስ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰውና ሻንጣ ጭኖ መነሳት ይከብደዋል፤ ነፋሱም በዚያ አቅጣጫ ከፊት ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ሲመለስ ከዝቅተኛ ቦታ ይነሳል፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል፣ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል። ይህን ለስንት ሰው በስልክ እንዳስረዳሁ እኔና የካርድ ሒሳቤ እናውቃለን።

ደምሩት፦ ከሐረር በር እስከ ዋሽንግተን ማረፊያ 31 ሰዓት። ፓስፖርት ሰልፉን ሳልቆጥር።

ትናንት ደግሞ እህቴ የመመለሻውን ትኬት ፎቶ ላከች፦ «7፡30 ይደርሳል።» አክስቴ ወዲያው «ለምሳ ትደርሳለች ማለት ነው» ብላ ዶሮ ገዛች። አክስቴ ሆይ፣ አንደኛ 7፡30 የፈረንጅ ነው፣ ለእኛ ጠዋት 1፡30። ሁለተኛ፣ የምትደርሰው አዲስ አበባ ነው። የድሬ ትኬቷን ገና አልቆረጥንም። ዶሮው አሁን ጓሮ ታስሮ እየጮኸ ነው።