ለልደት ወረቀት መርማሪዎች የቀረበ ውዳሴ

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት መሆን የሚሻ ሰው ተወላጅ ዜጋ፣ ዕድሜው 35 ዓመት የሞላና በአገሪቱ 14 ዓመት የኖረ እንዲሆን ሲደነግግ፣ የልደት ወረቀት መርማሪ ይሾም አላለም። ይህን ክፍተት ማንም ሳይለምናቸው፣ ያለ ደመወዝ የሞሉትን ትጉሃን ሳያመሰግኑ ማለፍ ንፉግነት ነው።

ትጋታቸው «የተወለዱት ኬንያ እንጂ አሜሪካ አይደለም» ባሏቸው በቀድሞው ፕሬዚዳንት በባራክ ኦባማ ላይ ጎልቶ ታይቷል። ሰውየው በ1961 ሆኖሉሉ መወለዳቸውን የሚገልጽ ማስረጃ በ2008 ቢቀርብ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «አጭር ነው፣ ረጅሙ ይምጣ» አሉ። በኤፕሪል 2011 የሐኪሙ ፊርማ ያረፈበት ረጅሙ ሲመጣ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ እያጎሉ በፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን ነጭ ጠርዝ መመርመር ያዙ።

በኦገስት 1961 ሁለት የሆኖሉሉ ጋዜጦች በደቃቅ ፊደል «አቶና ወይዘሮ ባራክ ኤች. ኦባማ፣ ወንድ ልጅ፣ ኦገስት 4» ብለው ማተማቸው ተራውን ሰው ዝም ያሰኘዋል። መርማሪዎቹ ግን የረቀቀ ነገር አዩበት፤ በሚሲሲፒ ጥቁር ሰው ለምርጫ መመዝገቡ ሕይወቱን በሚያሰጋበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ሕፃን ከ47 ዓመት በኋላ ፕሬዚዳንት ሆኖ እንደሚመረጥ አውቆ ጋዜጣ ላይ ያስነገረ ስውር እጅ አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነቢይ ከተገኘ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፕሬዚዳንትነቱም ያንሰዋል።

ዓይናቸውን ያለ ቦታው አለማድከማቸውም ያስመሰግናቸዋል። የኦባማ ተፎካካሪ የነበሩት ጆን ማኬይን በ1936 የተወለዱት በፓናማ ቦይ ቀጠና ነበር፤ ሴኔቱ አንድም ተቃውሞ ሳይሰማ ተወላጅ ናቸው ሲል፣ አብዛኞቹ መርማሪዎች አጉሊ መነጽራቸውን ኪሳቸው ውስጥ አስቀመጡት። በ2020 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጩት የካማላ ሃሪስ ተራ ሲደርስ መነጽሩ ወጣ፤ ኦክላንድ መወለዳቸው አላከራክር ቢል ምርመራው ወደ ወላጆቻቸው ዞረ። የመርማሪዎቹ አውራ ዶናልድ ትራምፕም በሴፕቴምበር 2016 ኦባማ አሜሪካ መወለዳቸውን አምነው መዝገቡን ሲዘጉ፣ ይቅርታ በመጠየቅ የማንንም ጊዜ አላባከኑም።

ሙያው የእኛንም ሰዎች አልነፈገም። ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ስንጠጣ፣ በቦሌ ወጥተው በመሐላ ዜጋ የሆኑ አንድ ጋሼ «ኬንያ እኮ ጎረቤታችን ናት፤ የኬንያን ሰው እኛ እንለየዋለን» ብለው ጉዳዩን ቋጩት። የእርስዎስ የልደት ወረቀት የት አለ ብላቸው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው መንጃ ፈቃዳቸውን አሳዩኝ፤ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ቀን ነው፤ ሚስታቸውም፣ ወንድማቸውም እንደዚሁ።