ክብር ለኩርፊያ

ባልና ሚስት ሲጋጩ ተቀምጠው የሚነጋገሩባቸው አገሮች አሉ አሉ። ያሳዝናሉ። እኛ ግን፣ በተለይ ከቱሉ ዲምቱ እስከ የካ አባዶ በአዲስ አበባ ዳር ዳር በተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች የምንኖረው፣ ኩርፊያ የሚባል ሀብት አለን። ጨዋ ሰው አይጨቃጨቅም፤ ያኮርፋል። ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤትም "የእነ እገሌ ቤት ኮሽታ የለም፤ ትዳር እንደነሱ!" ብሎ ይመርቃል።

ወጪ የለውም። "ምን ሆነሻል?" ሲባል "ምንም" ይባላል። እራት ሲቀርብ "በልቼ ነው የመጣሁት" ተብሎ ጃኬት ሳይወልቅ ወደ መኝታ ቤት ይታለፋል። የተበላው የታክሲ ሰልፍ ላይ የተገዛ ሁለት ሳምቡሳ ነው፤ ሆድ ግን ምስጢር ይጠብቃል። መልእክት ካለ ልጅ ይላካል፦ "አባትህን የመብራት ካርድ አልቋል በለው።" ልጁ ሦስት እርምጃ ተራምዶ ያደርሳል፤ "አውቃለሁ በላት" ይዞ ይመለሳል። ካርዱን ግን ማንም አይሞላም፤ ቀድሞ የሞላ ተሸነፈ። ልጁም በሰባት ዓመቱ ዲፕሎማት ይሆናል፤ ሲያድግ በራሱ ትዳር የሚሠራበት ሌላ ዘዴ አይኖረውም።

የጥበቡ ጥልቀት የሚታየው ግን ውሃ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ፣ ያውም ሌሊት ይመጣል፤ አራተኛ ፎቅ የመውጣት ጉልበት ስለሌለው 20 ሊትር ጀሪካን ከታች ተሞልቶ በደረጃ ይወጣል። ያልተኳረፉ ሰዎች አንዱ ሲሞላ ሌላው ያወጣል። የተኳረፉት የቧንቧውን ድምፅ እየሰሙ፣ ሁለቱም ነቅተው፣ የተኙ ይመስላሉ። "ይነሳ፤ ያጠፋው እሱ ነው።" "ትነሳ፤ የጀመረችው እሷ ናት።" ሊነጋጋ ሲል ውሃው ሄዷል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለሰርቪስ የሚወጣው ሰው ሃይላንድ ውስጥ በቀረች ጭላጭ ፊቱን ያብሳል፤ ክብሩ ግን አልተነካም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ጎትማን ይህን ሀብት ከትዳር አፍራሾች መድቦታል። አራት ናቸው ይላል፦ የሰውን ባሕርይ መንቀፍ፣ ንቀት፣ ለእያንዳንዱ ቃል መከላከያ መደርደር፣ ግድግዳ ሆኖ ዝም ማለት። ክፉው ንቀት ነው። ዝምታውም ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውነት ሲግል ነው፤ ልብ በደቂቃ ከ100 በላይ እየመታ ጆሮ ቢሰማም ጭንቅላት አይቀበልም። ታዲያ ምን ይደረግ? "አሁን ንዴት ላይ ነኝ፤ ትንሽ ቆይተን እንቀጥል" ብሎ መናገር፣ ቢያንስ 20 ደቂቃ ዘወር ማለት፣ በዚያ ጊዜ ነገር አለማመንዠክ፣ ከዚያ ተመልሶ መጨረስ። ወቀሳም ሲጀመር "አንተ መቼም ለሰው አታስብም" ከማለት "ትናንት ሳትደውል ስታመሽ ሰጋሁ፤ ከ2 ሰዓት ካለፈ ደውልልኝ" ማለት። እስቲ ይህ ምን ይባላል! የሚመለስበት ሰዓት የታወቀ ኩርፊያ ምኑ ኩርፊያ ነው? የሚያቃጥለው መጨረሻው አለመታወቁ አይደል እንዴ?

ሽማግሌ የሚጠራው ሻንጣ በር ላይ ሲቆም ነው፤ ቀደም ብሎ መጥራት ገመና ማውጣት ነው። ሽማግሌዎቹም ምክንያቱን ሳይጠይቁ "ቻይው፣ ቻላት፣ በሉ ተሳሳሙ" ብለው ቡናቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። (ዱላ ያለበት ቤትም የሚታዘዘው ይኸው መድኃኒት ነው።)

በአዲስ አበባ የሚሠራው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ልምዳችንን ንቆታል። ፍቺ ሲጠየቅ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ ይሞክራል፤ አልሆን ሲል ቢበዛ 3 ወር የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። 3 ወር! ይህ እኮ ለእኛ ማሟሟቂያ ነው። የልብ የሚነገረው አቤቱታው ላይ ነው፤ የዓመታት ቅያሜ በተራ ቁጥር ተዘርዝሮ። ባልም የሁሉ ነገር መነሻ በእናቷ ለቅሶ ጊዜ አምሽቶ መድረሱ እንደነበር ተራ ቁጥር 3 ላይ ያነባል።

ከዚያ ቤቱ ይመጣል። በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው፤ እኩል ይካፈላሉ። አራተኛ ፎቅ ያለ ባለ አንድ መኝታ ግን ለሁለት አይሰነጠቅም። ማን ያስቀር፣ ለማን ስንት ይከፈል የሚለውን ተስማምተው መጨረስ ይችላሉ። ለመስማማት ደግሞ መነጋገር ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሐራጅ ይሸጥ።