ማኅተሙን ሳታዩ አትቁረጡ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ጥሬ ሥጋ እንነጋገር። ፒያሳ በሉት ካዛንቺስ፣ ጾም ሲፈታ ልኳንዳ ቤቱ ሁሉ ሰው ነው። ቆመን «ከሻኛው ጨምርልኝ፣ ጮማውን ቀንስልኝ» እንላለን። በሚዛኑ እንጨቃጨቃለን፣ በዋጋው እናማርራለን። «የተሰቀለው ሥጋ የመርማሪ ማኅተም አለው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ስንት አለ? ለሆዳችን ይህን ያህል ግድ የለሽ መሆናችን ያሳፍራል።

ያ ማኅተም በቀላሉ የመጣ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጋር ሳኒተሪያን ማሠልጠን ጀመረ። የሳኒተሪያን ሥራ የታመመ ሰው መውጋት አይደለም። ምንጩን፣ ሽንት ቤቱን፣ ምግብ ቤቱን እየዞሩ ማየት ነው፤ ሰው ከመታመሙ በፊት። በ1949 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ቄራ ተቋቋመ።

የሥጋ መርማሪው የሚሠራውን ብታዩ ማኅተሙን ታከብሩት ነበር። መጀመሪያ ከብቱን በቁሙ ያየዋል። አባ ሰንጋ የተጠረጠረበት አይታረድም። ከእርድ በኋላ የመንጋጋውን ሥጋ በቢላ ይሰነጥቃል፣ ምላሱን ይዳስሳል፣ ልቡን ይከፍታል። የሚፈልገው የኮሶ እጭ ነው። አተር የምታህል፣ ውኃ የቋጠረች ነጭ ከረጢት ናት። ከዚያ ሳንባውን ለሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ)፣ ጉበቱን ለትል ይመረምራል። ይህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው ቀለሙ የሚያርፍበት።

እጯ ከየት መጣች? ከእኛው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ይጸዳዳል። ከብቱ እዚያው ሣር ይግጣል። እንቁላሉ ከብቱ ሆድ ውስጥ ይፈለፈልና ሥጋው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እኛ ጥሬውን እንቆርጠዋለን። እንግዲህ ሽንት ቤት የሚያየውም ሥጋ የሚያየውም ባለሙያ የሚጠብቁት አንድ በር ነው። አያቶቻችን በየጊዜው ፊታቸውን አጨማደው ኮሶ ይጠጡ የነበረው ወደው አይደለም።

«ሚጥሚጣው ይገድለዋል፣ አረቄው ያቃጥለዋል» የምትሉ አላችሁ። አይገድለውም። እጯ የምትሞተው ሥጋው በደንብ ሲበስል፣ ወይም በኃይለኛ ማቀዝቀዣ ለቀናት ሲቆይ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ተቆጣጣሪ ሲመጣ የምናደርገው ነው። ልኳንዳ ለልኳንዳ ይደዋወላል። ነጩ ጋዋን ከመጋረጃ ጀርባ ይወጣል። የእጅ መታጠቢያው ላይ ሳሙና ይቀመጣል። ሰውየው ዞር ሲል ጋዋኑም ሳሙናውም ይነሳል፤ ብር ሲቆጥር የነበረ እጅ ሳይታጠብ ሥጋው ላይ ያርፋል። እኛ ደንበኞቹ ይህን ቁጭ ብለን እያየን ዝም እንላለን። ይባስ ብለን «ተዋቸው እባክህ፣ ጉቦ ፍለጋ ነው የሚዞሩት» እንላለን። ጉቦ የሚጠይቅ ካለ ክሰሱት፣ እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ። የተቆጣጣሪው መስረቅ ግን ያልተመረመረውን ሥጋ ንጹሕ አያደርገውም። ባለ ልኳንዳ ወንድሞቼ፣ እናንተም ልጆቻችሁን ከዚያው ሥጋ ነው የምታበሉት።

ቅርጫውስ? በዓል ሲመጣ በሬው ሰፈር ውስጥ ይጣላል። ደሙ በቦዩ ይፈሳል። ፈርሱ በማዳበሪያ ተሞልቶ ማታ ግንፍሌ ወይም ባንቺይቀጡ ወንዝ ውስጥ ይወረወራል። ጠዋት ስላላየነው የጠፋ ይመስለናል። ወንዙ ወደ አቃቂ ነው የሚወርደው። በአቃቂ ውኃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ያ ጎመን ተመልሶ የእኛው ገበያ ላይ ይዘረጋል፤ እኛው ገዝተን እንበላዋለን። ማንን ነው የጎዳነው?

ልኳንዳ ቤት ስትገቡ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ማኅተሙን አሳየኝ» በሉ። አትፈሩ፣ ነውር አይደለም። ካላሳያችሁ ውጡና ሌላ ጋ ግቡ፤ ያልታየ ሥጋ እንደሚሸጥም ለወረዳው ንገሩ። ቅርጫ የገባችሁ ደግሞ በዓሉ ሳይደርስ ሰብሳቢያችሁን ያዙና በሬው ቄራ እንዲታረድ ተስማሙ። ክፍያው ለአባላቱ ሲካፈል የሚከብድ አይደለም። «አባቶቻችን ግቢ ውስጥ ሲያርዱ ኖረዋል» የሚል ሽማግሌ ከተነሳ፣ ኮሶ ስንቴ እንደጠጣ በትሕትና ጠይቁት።