ምስጋና ለአውራ ጣት

ድሮ አዋጅ ነጋሪው ነጋሪቱን እየጎሰመ «ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ይል ነበር። ልብ በሉልኝ፤ ለማሰማት መጀመሪያ መስማት ግድ ነበር። ይህን ኋላቀር ግዴታ አንስተው አገሩን ለገላገሉት፣ ሳያነቡ ለሚያጋሩ አውራ ጣቶች ምስጋና ሳላቀርብ ብቀር ንፉግነት ይሆንብኛል።

የነበረውን ስቃይ የዛሬ ልጅ አያውቀውም። አንድ ወሬ ሕዝብ ጆሮ እስኪደርስ ሪፖርተሩ ይሮጣል፣ አዘጋጁ ይሰርዛል፣ አራሚው «ሀ» ነው «ሐ» ነው እያለ ይጨቃጨቃል፤ ከዚያ ብርሃንና ሰላም ሄዶ ተራ መጠበቅ አለ። ማተሚያ ቤቱ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ፣ አዲስ ዘመንም ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ ሲማቅቁ ኖሩ። አራት ኪሎ ደግሞ ሰው ድንጋይ ላይ ተደርድሮ ጋዜጣ በሳንቲም እየተከራየ ያነብ ነበር። ገንዘብ ከፍሎ ማንበብ! (እርግጥ ብዙው የሚያየው ክፍት የሥራ ቦታ ነው። እሱም አሁን ቴሌግራም ገብቷል።)

አንጀቴን የሚበላኝ ግን ዋና አዘጋጁ ነው። ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ እንደ አሸን የፈሉትን የግል ጋዜጦች ያነበበ ያስታውሳል፤ ከገጹ ጥግ በደቃቅ ፊደል የአዘጋጁ ስም፣ ወረዳው፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ ሳይቀር ይታተም ነበር። ቅር ያለው ሄዶ በሩን ማንኳኳት ይችላል። የሚያንኳኳውም ሁልጊዜ አንባቢ አልነበረም፤ ሌላ ሰው በጻፈው ማዕከላዊ የገባ አዘጋጅ ጥቂት አይደለም። ዛሬ ያ ሁሉ አድራሻ በአንዲት ቃል ተተክቷል፦ «እንደወረደ»። ማን ጻፈው? እንደወረደ። ከየት ወረደ? ከላይ ነዋ፣ እንደ መና።

ዩቲዩበሮቻችንንም አልረሳኋቸውም። ቀይ ቀስት፣ ቀይ ክብ፣ «ጉዱ ወጣ!»፤ ከዚያ አሥራ አራት ደቂቃ ሙሉ ሰብስክራይብ አድርጉ ተብለን መጨረሻ ላይ «ወደፊት የምናየው ይሆናል» እንባላለን። ይህን ያህል ትዕግሥት ጾምም አላስተማረን።

ከአውራ ጣት ግን የጋሼን የሚስተካከል አላየሁም። ጋሼ አጎቴ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤተሰቡን ግሩፕ ቀጥ አድርገው ይዘዋል። በቀደም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ፎቶ ከሻማ ጋር ለቀቁ፤ «ሰበር! ነፍስ ይማር።» ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ ሥራ ቦታዋ ላይ አለቀሰች። ሪያድ ያለችው ልጇ ሦስት የሚያለቅስ ፊት ላከች። ጠዋት ድምፃዊው ራሱ ስኒውን እንደያዘ «ኧረ እኔ አለሁ፣ ቡና እየጠጣሁ ነው» የሚል ቪዲዮ አወጣ። ጋሼ ደነገጡ? በጭራሽ! «ሰበር! አልሞተም!» ብለው እሱንም ለቀቁት። ከአንድ ሞት ሁለት ሰበር ያወጣ ጋዜጣ ካለ ይምጣና ያሳየኝ።

ደፈር ብዬ «ጋሼ፣ ግን ከመላክዎ በፊት ከፍተው አይተውት ነበር?» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ከፍቼ ሳነብ ሌላው ቢቀድመኝስ?»

አራት ዓመት ጋዜጠኝነት የተማሩት ይህን የሚያህል ትምህርት አላገኙም። አበው «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ያሉት ቴሌብር ስላልነበራቸው ነው፤ ሐሳብ ሲጨመር ፓኬጁ እንደሚያልቅ በምን ይወቁ?

ትናንት ሰፈራችን ካለች ባለሱቅ ቆሎ ገዛሁ። በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። እየቆረጠምኩ ጥቅልሉን ስዘረጋው የዋና አዘጋጁ ስም በዘይት ደብዝዟል፤ ከሥሩ ግን ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ሆዴ ባባ። ፎቶ አንስቼ «ጋሼ፣ ድሮ እንዲህ ነበር እኮ» ብዬ ለብቻቸው ላክሁላቸው።

ቆሎውን ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። የቤተሰቡ ግሩፕ ነው። ያው ፎቶ፣ ከላዩ በትልቁ፦ «ሰበር! ሲፈለግ የነበረው ሰውዬ አድራሻው ታወቀ! እንደወረደ።»

ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ ጽፋበታለች።