እርማት፦ ጥፋቱ የደሴ ከፍታ አይደለም

«አሮጌ ፒክአፕ ደሴ ላይ የሚንቀጠቀጠው በከፍታው ነው፤ ቪቷን አጥብቀህ ሚኒሞ (መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ጨምርለት» ያልከው ወንድሜ፣ አብሽር፣ እኔም ለዓመታት እንዲሁ አምን ነበር። ግን ልክ አይደለም።

እርግጥ ደሴ 2,500 ሜትር ግድም ነች። አየሩ ሲሳሳ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ላለው ሞተር ቤንዚኑ ይበዛበታል። ነገር ግን አምና እዚሁ ፀጥ ብሎ ይሠራ የነበረ ሞተር ዘንድሮ ልጥፋ ልጥፋ ካለ፣ ከተማዋ በአንድ ዓመት ከፍ አላለችም!

መጀመሪያ የቫኪዩም ጎማዎቹን፣ ማለትም ሞተሩ አየር የሚስብባቸውን ቱቦዎች እይ። የእኔ መኪና ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬን መርገጡን የሚያቀለው ዕቃ) የሚሄደው ወፍራም ጎማ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ሽሽ ይል ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ ቆንጠጥ ሳደርገው ሞተሩ ረጋ። ስለቀው ተንቀጠቀጠ። (ቆመህ ለመፈተሽ ብቻ ነው፤ እንደዚያ አድርገህ እንዳትነዳ።) ሚኒሞ መጨመር ስንጥቁን አይደፍነውም፤ ቤንዚን ያስበላሃል እንጂ። ያ ጎማ ሲያፈስ ደግሞ ፍሬኑም ይከብዳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ እየወረድክ ይህን ማወቅ አትፈልግም።

ጎማዎቹ ደህና ከሆኑ ወደ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) እለፍ። ሞተሩን እያጠፋህ ገመዶቹን በየተራ ንቀልና አስነሳ፤ ተነቅሎም ድምፁ የማይለወጥበት ሲሊንደር እሱ ነው የማይሠራው።